ሲዞር የማይጠፋ መስኮት

ብሩኬ ወደ ቢሯችን የገባው ሊጣላ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። የአምቡላንስ ሹፌሮች የሚለብሱትን ሰደርያ እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመና ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ይህን የሠራው ማነው?»

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን። የቢሮው ባለቤት ኤልያቄም ስልክ እያወራ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ሰዓዲያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ የሠራሁትን ክጄ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ፌኔት እባላለሁ።»

ሴት ትሆናለች ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ፣ ስልኩን ትንሽ ዝቅ አደረገ። ቁጣው ግን አልበረደም። ይህን ወደድኩለት። ፊቱ ያለችው ሴት ስለሆነች ብቻ ድምፁን የሚያለዝብ ሰው አልወድም።

የሠራሁት አፕ «ጥሪ» ይባላል። ጭሮ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች፣ ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ቁልፉን ስትጫን፣ ቅርብ ባለው የአምቡላንስ ሹፌር ስልክ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። እኛ ፖፕ አፕ እንላታለን። ታማሚው የት እንዳለ፣ ምን እንደሆነ ትናገራለች፤ ከሥሯ «ተቀብያለሁ» እና «አልችልም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሏት። ይኸው ነው። ቀላል ነገር ነው ብዬ አስብ ነበር።

«ትናንት ከቦኬ ጥሪ መጣ» አለ ብሩኬ። «ምጥ የያዛት ሴት። መስኮቷ ብቅ ስትል አየኋት። ስልኩን መኪናው ላይ ካለው መያዣ ስሰካው ጠፋች። የት ቀበሌ ነው? ማን ነው የጠራኝ? ምንም የለም። በነርሷ ስልክ ላይ ጥሪው ደርሷል ይላል። እሷ እኔን ትጠብቃለች፤ እኔ ደግሞ ባዶ ስክሪን አያለሁ።»

«ሴትዮዋስ?» አልኩ።

«ነርሷ ሰው ለምና አስደወለችልኝ፣ ደረስንላት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። የደረስነው ግን በአንቺ ሥራ አይደለም።»

«ስልኩን ለምን ታዞረዋለህ?»

«እኔ አይደለሁም የማዞረው፤ መያዣው ነው። አቁሜ ባስቀምጠው መስታወቱን ይጋርደኛል። የቦኬን መንገድ ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው ቢያንስ መኪናውን ነይና እይው።»

አብሬው ወረድኩ። አምቡላንሱ ባጃጆች በሚሰለፉበት ጥግ ቆሟል። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ፣ ሰዓዲያ ከላይ ሆና ጥሪ እንድትልክልኝ አደረግኩ። መስኮቷ ብቅ አለች። ስልኩን አጋድሜ መያዣው ላይ ሰካሁት። ጠፋች። ደግሜ ሞከርኩት፤ አሁንም ጠፋች። ስልኩ አስቀድሞ ተጋድሞ ሳለ ጥሪ ሲላክ ደግሞ መስኮቷ ትመጣለች፣ ቁልፎቹ ግን ከስክሪኑ በታች ወድቀው አይታዩም።

ብሩኬ መሪው ላይ ክንዱን አሳርፎ ያየኛል። ይቅርታ እስክጠይቅ የሚጠብቅ መሰለኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «አስተካክለዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሳስተካክለው።»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ወደ ውጭ ዞሬ ሰዓዲያን የምፈልግ መሰልኩ።

ስልክ ሲዞር የሚታየው ገጽ እንዳለ ይፈርስና በአዲሱ ስፋት እንደገና ይሠራል። መስኮቷን ያሰርኳት ከሚፈርሰው ገጽ ጋር ስለነበር አብራ ትፈርሳለች። ስለዚህ ጥሪው ራሱ ከገጹ ውጭ፣ ምንም ቢዞር በማይነካው ቦታ መቀመጥ አለበት። ገጹ እንደገና ሲሠራ መልስ ያላገኘ ጥሪ እንዳለ ይጠይቃል፤ ካለ መስኮቷን መልሶ ያወጣታል። ቁልፎቹ ደግሞ ስልኩ ሲጋደም ከታች ሳይሆን ከጎን መሆን አለባቸው።

ይህን ለኤልያቄም ነገርኩት። ኤልያቄም የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ነው። አባቴ ሽማግሌ ሆኖ በሚያገለግልበት ጉባኤ ፊት ሲዘምር ያደገ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነው።

«ስክሪኑን ቆልፊው» አለኝ። «ስልኩ ቢዞርም አፑ አይዙር። አንድ መስመር ጽፈሽ ትገላገያለሽ።»

«ሹፌሩስ? ስልኩ ተጋድሞ ጽሑፉ ቆሞ አንገቱን አጣምሞ ያንብብ?»

«ፌኔት፣ የጤና ኃላፊዎቹ የሚያዩበት ቀን ተቃርቧል። አሁን የሚሠራውን ነገር አንነካካ።»

«አይሠራም እኮ ነው የምልህ።»

ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔም ፈቃድ አልጠበቅኩም። ሥራዬን ሠራሁ።

መንገድ ላይ ለመሞከር አስፈቅጄ ብሩኬ ወደ ቦኬ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። የዚያን ቀን የሚመልሳት ወላድ ያቺው ጥሪዋ ከስክሪኑ የጠፋባት ሴት ነበረች። ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። ብሩኬ በኦሮምኛ ማን እንደሆንኩ ነገራት። እሷ ግን የነገራትን በከፊል ብቻ ሰምታ ሳይሆን አልቀረም፣ እጄን ይዛ «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» አለችኝ። አመሰገነችኝ። ለምን እንደምታመሰግነኝ አላወቀችም፤ እኔ ግን ለምን ማመስገን እንዳልነበረባት አውቃለሁ። የሕፃኗን ፊት አየሁና ዞሬ ወደ ፊት ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ኤልያቄም አይደለም፣ ማንም ቢመጣ ያንን ስክሪን የሚያስቆልፈኝ አልነበረም።

የቦኬ መንገድ ብሩኬ እንዳለው ነው። የጫት መኪኖች ከኩርባው ጀርባ እየበረሩ ይመጣሉ፤ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ካነሳ አለቀለት። ሰዓዲያ ከቢሮ የሙከራ ጥሪ ስትልክ መስኮቷ ብቅ ትላለች። እኔ ስልኩን ከመያዣው አወጣዋለሁ፣ አቆመዋለሁ፣ አጋድመዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ። መስኮቷ ስፋቷን እየለወጠች ትከተለኛለች እንጂ አትጠፋም።

«ቁልፎቹ በቀኝ ናቸው» አለ ብሩኬ። «እጄ አይደርስም።»

«የት ላድርጋቸው?»

«ወደ እኔ አቅርቢያቸው።»

ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ጆሮው ግን ቀልቷል። ያለው ነገር ስለ ቁልፎቹ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም አወቅን።

ቦኬ ገበያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ምሳ ልንበላ ገባን። እንቁላል ፍርፍር አዝዤ አንዱን ሳህን ወደ እሱ ገፋሁለት።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለ።

«ለእኔ ከማክሰኞ ቀጥሎ የሚመጣ ቀን ነው።»

ሳቀ። ሽሮ አስመጣ። እናቱ ወይዘሮ ሳህሊቱ አሰቦት እንደሚኖሩ፣ ገዳሙ በዓል ላይ ሲሆን ደጃቸው በእንግዳ እንደሚሞላ ነገረኝ። እኔም ስለ አባቴ ነገርኩት፦ ቢቂላ የተባለ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ በአማርኛ የሚቆጣ፣ በኦሮምኛ የሚለምን ሰው። እያወራን ሳህኖቹ መሐል እጃችን ተቀራረበ። አላነሳሁትም። እሱም አላነሳም።

«ይህ ነገር ያጣላናል» አለ ቀስ ብሎ።

«ከማን ጋር?»

«ከሁሉም ጋር።»

«እኔ ከሁሉም ጋር መጣላት ለምጃለሁ» አልኩት። እውነቴን አልነበረም። እስከዚያች ቀን ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም ነበር።

ጭሮ ትንሽ ከተማ ናት። አምቡላንስ ደግሞ ነጭ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው መኪና ነው። ለሙከራ ገለምሶ ሄደን በተመለስንበት ሰሞን አባቴ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ ቤት ጠበቀኝ። እናቴ ሎሚ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ትደባብሳለች።

«ኢንታላ ኮ» አለኝ አባቴ፤ ልጄ ማለቱ ነው። በኦሮምኛ ሲጀምር ነገሩ ከባድ እንደሆነ አወቅኩ። «ኤልያቄም ሽማግሌ ልኳል።»

«እኔን አልጠየቀኝም።»

«እኔን ጠየቀኝ።»

እንግዲያው እርስዎ ያግቡት ልል ነበር፤ ዋጥኩት። አባቴን እወደዋለሁ።

«ከአምቡላንስ ሹፌሩ ጋር ትታያለሽ ይሉኛል» አለ።

«ሥራ ነው አባባ።»

«ሥራ ብቻ ነው?»

እናቴ እጇን አቆመች። አዎ ብል ነገሩ ለዚያ ቀን ያበቃ ነበር። «ሥራ ብቻ አይደለም» አልኩ።

አባቴ ወደ አማርኛ ተሻገረ። «ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ የሚለውን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ብሩኬ ያምናል።»

«እንደኛ አይደለም።»

«አዎ፣ እንደኛ አይደለም። እናቱም ስለኔ ይህንኑ ነው የሚሉት።»

«ሂን ታኡ» አለ አባቴ። አይሆንም ማለት ነው። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

አፑን ለጤና ኃላፊዎቹ የምናሳይበት የዝግጅቱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ የጤና ኃላፊዎች፣ የወረዳ ነርሶች፣ ሹፌሮች ተቀምጠዋል፤ ብሩኬም ከሹፌሮቹ መሐል ነበር። አፑን የማሳየው እኔ ነኝ። ከመጀመሬ በፊት የማሳያ ስልኩን አነሣሁና አጋደምኩት። ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም።

ወደ ኤልያቄም ሄድኩ። «ቆልፈኸዋል» አልኩት በዝግታ።

«ያንቺን ከዝግጅቱ በኋላ እንመልሰዋለን። ዛሬ አንድ ነገር ቢበላሽ አለቀልን።»

«አይበላሽም። ቦኬ ድረስ ሄጄ ሞክሬዋለሁ።»

«ከእሱ ጋር» አለ።

ነገሩ የስክሪን ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሕመም የእውነት ስለነበር ለአፍታ አዘንኩለት። ግን ማዘን ሌላ ነው። በእኔ እና በእሱ መሐል ላለው ነገር ምጥ ላይ ያለች ሴት ልትከፍል አይገባም።

መድረኩ ላይ ወጥቼ አፑን አሳየሁ። ጥሪው ሄደ፣ መስኮቷ ብቅ አለች፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ተጨበጨበ። ኤልያቄም እፎይ አለ። እኔ ግን አልወረድኩም።

«ያያችሁት ለጠረጴዛ የተሠራው ነው» አልኩ። «ለመንገድ የተሠራው ሌላ ነው። ይህኛው ስልኩ መኪና ላይ ሲሰካ ጽሑፉ ለሹፌሩ ተጋድሞ ይታየዋል። እንዲህ ሆኖ ወደ ሥራ እንዲገባ ስሜን አልሰጥም።»

ድምፄ እንዳልተንቀጠቀጠ በኋላ ብሩኬ ነግሮኛል።

ከኃላፊዎቹ መሐል ወይዘሮ ዑሙልኸይር የተባሉት ሴት ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ። «መኪናው የት አለ?» አሉ።

«ውጭ ቆሟል» አለ ብሩኬ።

«እንግዲህ እንየዋ። ተቀምጠን ከምንከራከር።»

ሁሉም ተከታትለው ወጡ። ወይዘሮ ዑሙልኸይር የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው መሪውን ያዙ። መጀመሪያ የተቆለፈው ተሰካ። ጥሪ ሲላክ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው ለማንበብ ሞከሩ።

«እኔ ይህን ሳነብ መንገዱን ማን ያይልኛል?» አሉ።

ቀጥሎ ብሩኬ የራሱን ስልክ ሰካ፤ የኔ ሥራ እሱ ላይ ነበር። መስኮቷ ብቅ አለች። ከመያዣው አወጡት፣ አዞሩት፣ መልሰው ሰኩት። ቁልፎቹ በግራ፣ ከእጃቸው አጠገብ ናቸው። «ተቀብያለሁ» የሚለውን ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ ተጫኑት።

«ይህኛው ነው» ብለው ወረዱ።

ኤልያቄም በሰው ፊት ምንም አላለኝም። ቢሮ ስንመለስ ግን በሩን ዘጋ። «አሳፈርሽኝ። ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ።»

«እሺ» አልኩት። «ለሽማግሌዎቹም መልሴ አይሆንም ነው። ለአባቴ ሳይሆን ለኔ ብትነግረኝ ቀደም ብዬ እነግርህ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ቻርጀሬን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰዓዲያ አብራኝ አልወጣችም፤ ታናናሾቿን የምታሳድገው እሷ ናት። ደረጃው ድረስ ሸኝታኝ አቅፋኝ ተመለሰች። ኤልያቄም የኔን ሥራ ሳያጎድል አፑ ውስጥ መልሶ አስገብቶታል፤ ይህን ስለሱ መመስከር አለብኝ። እኔን ግን አልመለሰኝም። እኔም አልለመንኩትም። ለገለምሶ ቡና ነጋዴዎች አፕ መሥራት ጀመርኩና ጭሮ ላይ ለሥራ የሚሆን የራሴን ክፍል ተከራየሁ።

ብሩኬ ለትዳር የጠየቀኝ አምቡላንሱን ሲያጥብ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የውኃውን ጎማ እንደያዘ።

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ያባርሯቸዋል» አለ።

«ያባርራቸዋል።»

«እናቴም ታለቅሳለች። የነፍስ አባታችንም ሳትጠመቅ አላጋባም ብለዋል።»

«የኛም መጋቢ አንተ ካልተጠመቅክ አላጋባም ብሏል።»

ውኃውን ዘጋው። «ልቀየር?» አለ። «ላንቺ ስል?»

ቀልዱን መስሎኝ አየሁት፤ አልቀለደም። ያን ያህል ወዶኝ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ግን ተናደድኩም።

«ለኔ ስትል ከተቀየርክ ለሌላ ሰው ስትልም ትቀየራለህ» አልኩት። «እኔ የወደድኩት ረቡዕ ቀን እንቁላሌን የመለሰውን ሰው ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔም አልቀየርም። እሑድ እሑድ እዘምራለሁ። አንተም ቅዳሴህን ታስቀድሳለህ። ስትመለስ ምሳ እንበላለን።»

«እና ማን ያጋባናል?»

«ማዘጋጃ ቤት ያጋባናል።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ እጄን ያዘ።

ሽማግሌ ላከ። አባቴ ቁጭ በሉ ሳይል መለሳቸው። ሌሎች ላከ፤ እነሱንም መለሳቸው። እኔ ከአባቴ ቤት አልወጣሁም፤ እንደወትሮው ቁርስ አቀርብለታለሁ፣ እሱም እንደወትሮው ይበላል፣ አንነጋገርም። አንድ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት የምንፈራረምበትን ቀን ነገርኩት።

«ደብቄ አላደርገውም አባባ» አልኩት። «ሾልኬም አልወጣም። በዚህ በር ነው የምወጣው፤ በዚሁም ነው የምገባው።»

ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሱቁ ሄደ።

በቀኑ ወይዘሮ ሳህሊቱ ከአሰቦት መጡ። ሲያለቅሱ እንዳደሩ ዓይናቸው ይናገራል። ግንባሬን ሳሙኝና «እኔ ልጄን አልተውም፤ እሱ አንቺን ካልተወ እኔ ምን አደርጋለሁ» አሉ። ሰዓዲያ አምራ መጣች። የብሩኬ ጓደኞች፣ ሹፌሮቹ፣ ሰደርያቸውን አውልቀው ኮት ለብሰዋል። ከኔ ወገን ሰዓዲያና አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበሩ። እናቴ አልመጣችም። በሩን ደጋግሜ አየሁት።

ሠራተኛው ስማችንን ሲያነብ ሰዓዲያ ክንዴን ነካችኝ። «ፌኔት፣ ውጭ እይ» አለችኝ።

አባቴ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የእሑድ ኮቱን ለብሷል። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ፀሐይ ላይ። ሠራተኛውን ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

«አባባ፣ ይግቡ።»

«አልገባም» አለ። «ልባርክ አልመጣሁም። ያልኩትን አልሻርኩም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

አላየኝም፤ ከጭሮ በላይ ያለውን ተራራ ነበር የሚያየው። «ልጅቷ አባት የላትም እንዳይሉ ነው።»

ተመለስኩና ፈረምኩ። ብሩኬ ፈረመ፤ ምስክሮቹ ፈረሙ። ወይዘሮ ሳህሊቱ አንድ ወንበር ይዘው ወጥተው ለአባቴ አስቀመጡለት። አመሰገናቸው፣ አልተቀመጠም። እስክንጨርስ ቆሞ ጠበቀ።

ስንወጣ አብሮን ሄደ። በኔ በኩል እንጂ በብሩኬ በኩል አልሄደም። እልልታው ሲቀልጥ እርምጃውን አላቋረጠም። ሰዎች ከየሱቁ እየወጡ ሲያዩን አንገቱን አልደፋም፤ እኔም አልደፋሁም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ቆመና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩኬን አናገረው።

«ምሳ በልታችኋል?»

«አልበላንም አባባ» አለ ብሩኬ።

አባቴ ባርኔጣውን አጠለቀ። መልሱን ከቤት ሲወጣ ያዘጋጀው ይመስል ነበር።

«እናቷ ሠርታለች» አለና ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ፊት ፊታችን ቀደመን።